በግ የላጠውን አቮካዶ እንዴት እናድነው?

የዛሬ ሦስት ዓመት ለፋሲካ የገዛነውን በግ ጓሮ ካለው አቮካዶ ጋር አሰርኩት። ገመዱ አጭር ነበር፤ ሣሩ ደግሞ አይደርስለትም። ጠዋት ስነሳ የግንዱ ወገብ ነጭ ሆኗል። በጉ ሌሊቱን ሙሉ ልጡን ሲልጥና ሲያላምጥ አድሯል። አራት ዓመት ያጠጣሁት ዛፍ ነው!

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ጭቃ ምረግበት አለኝ፤ አንዷ እበት ይሻላል አሉ፤ ሌላው ከበሩ የተረፈ ቀለም ይዞ መጣ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ያለም አልጠፋም። አንዱንም አላደረግኩም።

ምክንያቱም ዛፍ እንደ እኛ አይድንም። የእኛ ቆዳ ሲላጥ በቦታው አዲስ ይተካል። ዛፍ ግን የተጎዳውን እንጨት እዚያው ይተወዋል። ከውስጥ ያጥረዋል፤ ከዳር ደግሞ አዲስ ቅርፊት እንደ ከንፈር እያበጠ ቀስ በቀስ ይሸፍነዋል። ይህን የሚሠራው በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ያለ ስስ፣ እርጥብ ሽፋን ነው። ጭቃና ቀለም ይህን ሥራ አያፋጥኑለትም፤ እርጥበት አፍነው ብስባሽ ይጋብዛሉ እንጂ። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ሽፋኑን ራሱን ሊገድለው ይችላል።

መጀመሪያ በክር ለኩት

ክር አምጡና ቁስሉ ባለበት ከፍታ ግንዱን ዙሩበት። ያንን ክር አራት ላይ እጠፉት። አሁን የቁስሉን ወርድ፣ ማለትም ወደ ጎን ያለውን ስፋት፣ በታጠፈው ክር ለኩ። ርዝመቱ ብዙም አያሳስብ፤ ዋናው ወርዱ ነው።

ቁስሉ ከአንድ እጥፍ ካነሰ ዛፉ ያለ ብዙ ችግር ይወጣዋል። ሁለት እጥፍ ድረስ፣ ማለትም እስከ ግማሽ ዙሪያ ከሆነ፣ ከተንከባከባችሁት ተስፋ አለው። የእኔው እዚህ ላይ ነበር። ከግማሽ ካለፈ ያሰጋል። ዙሪያውን ከተላጠ ግን በቅጠሉ አትታለሉ። ውሃ የሚወጣው በእንጨቱ ውስጥ ስለሆነ ቅጠሉ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የተቋረጠው ከቅጠል ወደ ሥር በቅርፊቱ በኩል የሚወርደው ምግብ ነው። የሚራበው ሥሩ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ይህን ያውቃል፤ ትልቅ ዛፍ ለማድረቅ ዙሪያውን ልጦ መተው የቆየ ዘዴ ነው። የልብስ ማስጫ ሽቦ ግንድ ላይ ጠምጥሞ መርሳትም ውሎ አድሮ ያው ነው።

ቁስሉ ትኩስ ከሆነ ቅርፊቱን መልሱት

በጌ ቅርፊቱን ስለበላው ይህ ለእኔ አልሠራም። ባጃጅ ገጭቶት ወይም መሰላል ወድቆበት ቅርፊቱ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ፍጠኑ። ሳይደርቅ፣ በዚያው ቀን፣ ወደ ቦታው መልሱት። የላይኛው ጫፍ ወደ ላይ መሆኑን አረጋግጡ። በጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ላዩን በእርጥብ ጨርቅና በፌስታል ሸፍኑት፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ከልሉት። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ፍቱት። ከያዘ እሰየው፤ ካልያዘና ከደረቀ አንሱት።

ዳሩን አጽዱ፣ ከዚያ ተዉት

ስለት ያለው ቢላ በአልኮል ጥረጉ። የተቦጫጨቀውንና የተላቀቀውን ቅርፊት ብቻ፣ ከእንጨቱ ጋር የተጣበቀው እስኪገኝ ድረስ፣ ቁረጡ። በጥፍራችሁ ጫር ስታደርጉት እርጥብና አረንጓዴ ነገር ከታየ ሕያው ነው፤ አትንኩት። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ሞቷል። ለማሳመር ብሎ ቁስሉን ማስፋት አያስፈልግም። አንድ ሴንቲሜትር ሕያው ቅርፊት በቆረጣችሁ ቁጥር ዛፉ የሚሸፍነው ይጨምርበታል።

ከዚያ ምንም አትቀቡ። ቁስሉ አየር ያግኝ።

ዛፉን ተንከባከቡት

በበጋ በሳምንት አንድ ቀን ለእኔ ሁለት ጀሪካን በቂ ነበር። ውሃው ግንዱ ሥር ሳይሆን ቅርንጫፎቹ ጥላ በሚጥሉበት ዙሪያ ይፍሰስ። ከማጠጣታችሁ በፊት አፈሩን በጣት ነካ አድርጉ፤ አቮካዶ ሥሩ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል። መሬቱን በገለባ ወይም በደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ።

«ጉልበት ይሁነው» ብላችሁ ዩሪያ አትበትኑ። ቅርንጫፍም አትመልምሉ፤ አሁን ምግብ የሚሠራለት ቅጠሉ ነው። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ የተላጠ ዛፍ ከወትሮው የበለጠ ሊያብብና ሊያፈራ ይችላል። ደስ አይበላችሁ። ወደ ሥር መውረድ ያቃተው ምግብ ላይ ስለቀረ ነው። ለአንድ ዓመት አብዛኛውን ፍሬ ገና ለጋ ሳለ አርግፉለት።

ዙሪያውን ከተላጠስ?

የሚቀረው ከቁስሉ በላይ ያለውን ቅርፊት ከበታቹ ካለው ጋር በጭራሮ የሚያገናኝ ድልድይ መሥራት ነው። ማዳቀል፣ ማለትም ቅርንጫፍን ከሌላ ግንድ ጋር ገጥሞ ማጣበቅ፣ የሚያውቅ ሰው ቢያግዛችሁ ይመረጣል፤ በተለይ አፕል ላይ የታወቀ ዘዴ ነው። ዛፉ ማቆጥቆጥ ሲጀምርና ቅርፊቱ በቀላሉ ሲላቀቅ ይሠራል።

ከዚያው ዛፍ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያላቸው፣ ባለፈው ዓመት የበቀሉ ጭራሮዎች ቁረጡ። ርዝመታቸው ከቁስሉ በ6 ሴንቲሜትር ገደማ ይብለጥ። ሁለቱንም ጫፍ ሰያፍ አድርጋችሁ ቅረፉ። ከቁስሉ በላይና በታች ያለውን ሕያው ቅርፊት ሰንጥቁና ጫፎቹን ከሥሩ አስገቡ። ጭራሮው ትንሽ ደጋን ይሥራ፤ ነፋስ ግንዱን ሲያወዛውዘው እንዳይነቀል። በቀጫጭን ምስማር ያዙት፤ መገጣጠሚያውን ለብ ባለ ሰም ድፈኑ። በግንዱ ዙሪያ በየ5 እስከ 8 ሴንቲሜትሩ አንድ አንድ አድርጉ። የጭራሮው አናት ወደ ላይ ይሁን፤ ተገልብጦ ከገባ አይሆንም። ከድልድዩ ላይ የሚያቆጠቁጠውን እየቀነጠባችሁ ጣሉ።

ካልሆነ ከቁስሉ በታች ቆርጦ እንዲያቆጠቁጥ መተው አለ። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን የተዳቀለበትን ቦታ ፈልጉ፤ ግንዱ ላይ እንደ ጉልበት ጎበጥ ያለው ነው። ቁስሉ ከእሱ በታች ከሆነ የሚበቅለው የገዛችሁት አቮካዶ ሳይሆን የሥሩ ዓይነት ነው፤ እንደገና ይዳቀላል።

የእኔው የመጀመሪያዋን ከንፈር ያወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የማትሻል ክር መሳይ ነገር። ዘንድሮ ከሁለቱም ጎን የመጡት ከንፈሮች ሊገናኙ ሁለት ጣት ቀርቷቸዋል። የበዓል በግ አሁን የሚታሰረው ከአጥሩ ብረት ጋር ነው።