ከብሎኬት እስከ ሞዴል፦ ለአርክቴክቸር ጀማሪዎች የዲጂታል ሞዴል ሥራ መመሪያ

አርክቴክቸር መማር የጀመረ ሰው ስለ ሶፍትዌር የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «የትኛውን ልማር?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በእኔ አመለካከት ቀዳሚ መሆን የለበትም። ሊሠሩት ያሰቡት ሕንፃ ከምን ቁስ እንደሚሠራ፣ ቁሱ ከመደብር በምን መጠን እንደሚመጣና አንዱ ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ካወቁ፣ የትኛውን መሣሪያ መያዝ እንዳለብዎት ቁሱ ራሱ ይጠቁማል። ይህን ሳያውቁ ሬንደር መሥራት፣ ማለትም ሞዴልን ፎቶ ወደሚመስል ምስል መለወጥ፣ የተማሩ ተማሪዎች የሚያምር ምስል ያወጣሉ፤ ግድግዳው ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ሲጠየቁ ግን መልስ ያጥራቸዋል።

ለመጀመሪያ ልምምድ የራስዎን ፈጠራ ሳይሆን በእጅዎ ሊነኩት የሚችሉትን ትንሽ ሕንፃ ይምረጡ። በግቢ ጀርባ ያለ ባለ አንድ ክፍል ሰርቪስ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ሜትር፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከውጭም ከውስጥም ይለኩት። የግድግዳውን ውፍረት ለማወቅ የበሩ ክፍተት ዘንድ ይሂዱና ከአንዱ የልስን ፊት እስከ ሌላው ይለኩ፤ የመስኮቱን ደፍ ከወለሉ ያለውን ከፍታ፣ የጣሪያው ክዳን ከግድግዳው ምን ያህል ወጥቶ እንደሚንጠለጠል ይመዝግቡ። ከሁሉም በላይ የክፍሉን ሁለት ሰያፍ ልኬቶች አይርሱ። ክፍሉ 3 በ4 ሜትር ከሆነና ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ሁለቱም ሰያፎች 5 ሜትር መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ቤቱ ጠማማ ነው፤ ሞዴልዎም ጠማማ መሆን ይገባዋል። ሶፍትዌሩ ሁሉን ነገር ወደ 90 ዲግሪ ሊጎትትልዎት ስለሚሞክር ይህን የሚቃወመው የእርስዎ ልኬት ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ከመሳልዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ያስተካክሉ። አንደኛው የመለኪያ አሃድ ነው፤ ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች ኢንች የሚጠቀም መነሻ ፋይልም ስላላቸው ሚሊ ሜትር ወይም ሜትር የሚለውን መርጠው ይጀምሩ። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ ሥራዎን በራሱ የሚያስቀምጥበት የጊዜ ልዩነት ነው፤ መብራት ያለ ማስጠንቀቂያ በሚጠፋበት ሰፈር የሚሠራ ሰው ከአምስት ደቂቃ በላይ እንዲቆይ ባይፈቅድለት ይመረጣል። ሦስተኛው የቦታው አቀማመጥ ነው፤ የፀሐይን ነገር ስናነሳ እንመለስበታለን።

አሁን ግድግዳውን እንሥራ። የብሎኬት የተለመደ ልክ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲሆን ውፍረቱ 10፣ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ብሎኬት ብቻ ሞዴል ያድርጉና ኮምፖነንት ያድርጉት፤ ኮምፖነንት ማለት አንዱን ሲያርሙት ቅጂዎቹ ሁሉ አብረው የሚታረሙበት ዕቃ ነው። ቤቱን በሙሉ በብሎኬት ለመደርደር አይሞክሩ፤ ፋይሉ ይከብዳል፣ ትምህርቱም አይጨምርም። አንድ ማዕዘን ብቻ፣ አምስት ወይም ስድስት ረድፍ ከፍ አድርገው ይደርድሩ። በዚህ ጊዜ መጻሕፍት በአንድ መስመር የሚያልፉት ነገር ወለል ብሎ ይታያል፦ ባለ 20 ውፍረት ብሎኬት ማዕዘን ላይ ሲዞር ውፍረቱ የርዝመቱ ግማሽ ስለሆነ የላይኛው ረድፍ መጋጠሚያ ልክ በታችኛው ብሎኬት መካከል ያርፋል። ባለ 15 ከሆነ ግን 5 ሴንቲ ሜትር ይሳሳትና ግንበኛው ወይ ይቆርጣል ወይ በሲሚንቶ ይሞላል። የግድግዳ ርዝመትም እንዲሁ ነው። በመጋጠሚያው ውስጥ የሚገባውን ሲሚንቶ ለጊዜው ብንተወው 3.60 ሜትር ግድግዳ ዘጠኝ ሙሉ ብሎኬት ይወስዳል፤ 3.50 ሜትር ግን ከስምንት ሙሉ ብሎኬት በተጨማሪ ሩብ የጎደለው ዘጠነኛ ብሎኬት ይጠይቃል። ያቺ 10 ሴንቲ ሜትር በስክሪን ላይ ምንም አትመስልም፤ በሥራ ቦታ ግን በየረድፉ አንድ የተሰበረ ብሎኬት ናት።

ማዕዘኑን ከጨረሱ በኋላ የቀረውን ግድግዳ ባለ ንብርብር አድርገው ይሥሩት። ሬቪትና አርኪካድ የሚባሉት የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌሮች ግድግዳን የሚረዱት በዚህ መንገድ ስለሆነ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ልስን፣ መካከሉ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ብለው ሲያስገቡ ጠቅላላው 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በበሩ ክፍተት ከለኩት ጋር ያስተያዩት። ስኬችአፕ በሚባለው ሶፍትዌር ለሚሠሩ ደግሞ እያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻ ግሩፕ ማድረግ፣ ማለትም እንደ አንድ ዕቃ ማሰር፣ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል።

ቁሱ ሲለወጥ መሣሪያውም ይለወጣል። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ሞዴል ለማድረግ ግድግዳ የሚባለውን ትእዛዝ መጠቀም ስሕተት ባይሆንም ከሕንፃው ተፈጥሮ ጋር ይጋጫል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ወጥ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ እንጂ ተደርድሮ የተገነባ አይደለምና። ትልቅ ጠጣር ኩብ ይሥሩ፣ ከዙሪያው ጉድጓዱን ይቀንሱ፣ በመሐል የቀረውን መስቀላዊ ቅርጽ ይተዉ፣ ከዚያ የውስጡን ባዶ ቦታ በሌላ ጠጣር ይቀንሱ። ቡሊያን የሚባለው ትእዛዝ የሚሠራው ይህን ነው፤ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ስካን መዝግቧቸዋል፤ በዚያ ዓይነት ሥራ ሕንፃው የሚገኘው እንደ ንጹሕ ኩብ ሳይሆን ወጣ ገባውን እንደያዘ የነጥብ ክምችት፣ ማለትም ፊቱ ላይ የተለኩ እጅግ ብዙ ነጥቦች፣ ሆኖ ነው። ከዚያው ከላሊበላ ብዙም የማይርቀው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተቃራኒው ነው፤ እንጨትና የተለሰነ ድንጋይ በየተራ እየተነባበሩ የተሠራ ስለሆነ አንድ የእንጨት አግዳሚና አንድ የድንጋይ ረድፍ ሠርቶ ወደ ላይ ማባዛት ይበቃል። በደብረ ዳሞ ግድግዳ ላይ ወጣ ወጣ ብለው የሚታዩትን «የዝንጀሮ ራስ» የሚባሉ የእንጨት ጫፎችም አንዱን በኮምፖነንት ሠርተው በእኩል ርቀት ይደርድሯቸው።

የጭቃ ቤት ከሁሉም ይከብዳል። አጠናው ተተክሎ፣ ማገሩ ተመትቶ፣ ጭቃው በእጅ ስለሚመረግ ፊቱ የትም ቦታ ፍጹም ጠፍጣፋ አይሆንም። ብሌንደር በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የመቅረጫ መሣሪያ ለዚህ ይመቻል፤ ሆኖም ቋሚዎቹንና ማገሩን አስቀድሞ ሳይሠሩ ጭቃውን ብቻ መቅረጽ የቤቱን አጥንት መዝለል ነው።

ቁስን በሬንደር ማልበስ ሁለተኛው እርከን ነው። አንድን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ቁስ መስጠት አይደለም። ቴክስቸሩ፣ ማለትም በሞዴሉ ፊት ላይ የሚለብሰው የቁሱ ምስል፣ በእውነተኛ ልኬት መቀመጥ አለበት፤ ፎቶው የሁለት ሜትር ድንጋይ ግንብ ከሆነ በሶፍትዌሩም ሁለት ሜትር ብለው ይጻፉ፣ ካልሆነ ድንጋዮቹ ወይ ጠጠር ወይ ቋጥኝ ይመስላሉ። ፎቶውን በደመናማ ሰዓት፣ ካሜራውን ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርገው ያንሱት፤ በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ፎቶ የራሱን ጥላ ይዞ ስለሚመጣ ከሞዴሉ ጥላ ጋር ይጣላል። ከቀለሙ ቀጥሎ የሚወስነው የፊቱ ሸካራነት ነው፦ ልስን ብርሃንን ይበትናል፣ ሴራሚክ ይመልሳል፣ አዲስ ቆርቆሮ ያንጸባርቃል፣ የቆየ ቆርቆሮ ደግሞ ዝጎ ይደበዝዛል። የቆርቆሮውን ሞገድ ከሩቅ ለሚታይ ምስል በቴክስቸር ማስመሰል ይቻላል፤ የክዳኑ ጠርዝና አሸንዳው በቅርብ የሚታዩ ከሆነ ግን ሞገዱን በእውነተኛ ቅርጽ ይሥሩት።

ስለ ፀሐይ ሞዴሉ አዲስ አበባ ላይ መቀመጡን ያረጋግጡ፤ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአውሮፓ መማሪያዎች የሚሉት «ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ ናት» የሚለው አይሠራም። በሰኔ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል 75 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች፤ በታኅሣሥ በደቡብ በኩል ወደ 57 ዲግሪ ዝቅ ትላለች፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ አናት ላይ ትቆማለች። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጅ ቀንና ሰዓት ስለሆነ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የሚለውን 9:00 ብለው ያስገቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ፀሐይ ጫፍ ላይ የምትደርሰውም ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። ሞዴልዎ በትክክል መቀመጡን መፈተን ከፈለጉ በደቡብ ግድግዳ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር የወጣ ክዳን ይሥሩና ታኅሣሥ 12 ቀን፣ ማለትም ዲሴምበር 21፣ በቀትር ጥላው ምን ያህል እንደሚወርድ ይለኩ፤ 94 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካልሆነ ቦታው፣ ሰዓቱ ወይም የሰሜን አቅጣጫው ተሳስቷል።

የሶፍትዌሩን ምርጫ እንግዲህ በአጭሩ እንየው። ስኬችአፕ ለመጀመር ቀላል ነው፤ በኢንተርኔት መክፈቻ የሚሠራ ነጻ ቅጂም አለው። ሬቪት በዊንዶውስ ብቻ ይሠራል፤ አውቶዴስክ ለተማሪዎች በየዓመቱ የሚታደስ ነጻ ፈቃድ ይሰጣል። አርኪካድ በማክም በዊንዶውስም ይሄዳል። ራይኖ ጠመዝማዛ ቅርጾችን በትክክል ለመሥራት ይመረጣል፤ ከእሱ ጋር የሚመጣው ግራስሆፐር ቅርጽን በቁጥሮችና በግንኙነቶች ለመምራት ያስችላል፣ ነገር ግን ብሎኬት መደርደርን ላልጨረሰ ሰው ጊዜው ገና ነው። ብሌንደር ለማንም ነጻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ግድግዳን ከነመረጃው ለማሻገር አይኤፍሲ የሚባለውን የፋይል ዓይነት ይጠቀሙ።

በመጨረሻ ሞዴሉን ያስቆጥሩት። የበርና የመስኮት ክፍተት ተቀንሶ የግድግዳው ስፋት ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነ ያውጡና መጋጠሚያውን ሳይጨምሩ በ12.5 ያባዙት፤ የሚያስፈልገው የብሎኬት ብዛት ይመጣል። ያንን ቁጥር ይዘው አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ ዘንድ ይሂዱ፣ ቤቱን አሳይተው የእሱን ግምት ይጠይቁ፣ ልዩነቱ የመጣው ከመጋጠሚያው፣ ከሚሰበረው ወይስ ከእርስዎ ልኬት እንደሆነ አብረው ይፈትሹ።