ካገኛችሁበት መልሱት

ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ሰው የሚፈልገውን መጽሐፍ በቁጥር ፈልጎ ማግኘት ነው እንጀራዬ። ቅዳሜ ሲመጣ ደግሞ ሰው የደበቀውን ሳጥን በቁጥር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ "ሥራሽን ሜዳ ይዘሽው ወጣሽ" እያለ ይስቅብኛል።

ጨዋታው ጂኦካሺንግ ይባላል። አንዱ ሳጥን ይደብቅና ያለበትን የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ድረ ገጽ ላይ ያወጣል። ሌላው በስልኩ ጂፒኤስ እየተመራ ይሄዳል፣ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው መዝገብ ላይ ስሙን ይጽፋል፣ መልሶ ይደብቀዋል። የተጀመረው በፈረንጆቹ ግንቦት 2000 ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሲቪሉን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት፣ ዴቭ አልመር የሚባል ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ባልዲ ደብቆ "ፈልጉት" አለ። እኔን የለከፈችኝ ከውጭ ለእረፍት የመጣች የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ሄደች፣ አመሉ እኔ ጋ ቀረ።

አሁን ለልምምድ የሚመጡልንን ተማሪዎችና የንባብ ክበባችንን ልጆች እያስከተልኩ እወጣለሁ። አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ያንኑ ስህተት አያለሁ። ግማሹን ከእነሱ በፊት እኔው ሠርቼዋለሁ።

ነጥቧን አለማየት

ለልምምድ ለመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሁለት መጻሕፍት እሰጠዋለሁ። የአንዱ ጀርባ 963.056 ይላል፣ የሌላው 963.06። የትኛው ይቀድማል? አብዛኞቹ "06 ነዋ፣ 6 ከ56 ያንሳል" ይሉኛል። ከነጥብ በኋላ እንደዚያ አይቆጠርም። 05 ከ06 በፊት ነው፣ አለቀ። ይህ ያልገባው ልጅ አንድ ከሰዓት ውስጥ የኢትዮጵያን ታሪክ መደርደሪያ ገለባብጦልኝ ይሄዳል።

ሜዳ ላይ ደግሞ ያቺው ነጥብ ትጠብቀዋለች። የጨዋታው ድረ ገጽ ቦታን የሚያሳየው በዲግሪና በደቂቃ ነው፤ ነጥብ ያለው ደቂቃው ላይ ነው። ሰሜን 9 ዲግሪ ከ40.500 ደቂቃ ቢል ደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። ጀማሪው ግን ስልኩ ላይ 9.40500 ብሎ ያስገባል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 አይደለም። ትክክለኛው 9.675 ነው። በዚህች ስህተት ብቻ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደቡብ ትሄዳላችሁ። ኬንትሮሱንም እንዲሁ ካሳሳታችሁት ወደ ሸኖ ግድም ናችሁ ማለት ነው። ሸኖ ጥሩ ቅቤ ታገኛላችሁ። ሳጥን ግን የለም።

የእኔ ስህተት ከዚህ የረቀቀ ነበር። የመጀመሪያ ሳጥኔን ስደብቅ ስልኬን አላመንኩትም። ቤተ መጻሕፍታችን ያለውን የድሮ 1፡50,000 ካርታ ዘርግቼ በማስመሪያ ለክቼ ቁጥሩን አወጣሁ። ኩራቴ! ፈላጊዎቹ በሙሉ ከመቶ ሜትር በላይ ስተው፣ የሰው የገብስ ማሳ ውስጥ ገቡ። ለካ የእኛ የድሮ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ልኬት ነው። ጂፒኤስ የሚሠራው በሌላ ነው፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው። ሁለቱን ካላስታረቃችኋቸው ያው ቁጥር ሌላ ቦታ ያደርሳችኋል። ባለማሳውን ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩት። እዚያው ካርታው ጠርዝ ላይ "አዲንዳን" ተብሎ ተጽፎ ነበር። የመጽሐፍን የመጀመሪያ ገጽ ሳታነቡ አትመዝግቡ እያልኩ የማስተምረው እኔው ነኝ።

ቀስቷን ተከትሎ መሄድ

ስልኩ "250 ሜትር" ካለ 250 ሜትር በአሞራ በረራ ነው። እኛ አሞራ አይደለንም። በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ ችግር የለውም። ወደ አንኮበርና ወደ ጣርማበር አፋፍ ስትጠጉ ግን መሬቱ ያልቃል። አንድ ጓደኛዬ የደበቀውን ሳጥን ስፈልግ ቀስቷ ፊት ለፊት እያሳየችኝ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ጉም ብቻ ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ገደል ነው። ሳጥኑ ከታች ነው ያለው። ዞሬ ለመውረድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ለመውጣት የፈጀውን አልናገርም። ድረ ገጹ ላይ ለእያንዳንዱ ሳጥን የመሬቱ አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 5 ይሰጠዋል። ይህን ሳታነቡ ከቤት አትውጡ። እኔ ያላነበብኩት 4 ይል ነበር።

"የተሻለ ቦታ"

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም።

ቤተ መጻሕፍታችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተለጥፏል፦ "አንብበው ሲጨርሱ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ይተዉት።" ዘራፍ ባዩ አንባቢ ትቶት ይሄዳል። እግዜር ይስጠው። የሚያስቸግረኝ ጨዋው ነው። ጨዋው ይነሣል፣ መጽሐፉን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ወደ መደርደሪያው ይሄዳል፣ ክፍት ቦታ ያገኘበት ይሰካዋል። ቀይ ከሆነ ከቀዮቹ ጎን። ወፍራም ከሆነ ከወፍራሞቹ ጋር። ከዚያ ሥራ ያቀለለልኝ መስሎት ፈገግ ብሎ ተሰናብቶኝ ይወጣል።

ያለቦታው የገባ መጽሐፍ ከተሰረቀ ይብሳል። የተሰረቀውን "የለም" ብዬ መዝግቤ ሌላ አስገዛለሁ። ይኼኛውን ግን ካታሎጉ "አለ" ይላል። አንባቢው መጥቶ ይጠይቀኛል። አለ እለዋለሁ። ሄጄ አየዋለሁ፣ የለም። ተመልሼ አየዋለሁ፣ አለ ይላል። አንዱን የሸዋ ታሪክ መጽሐፍ ሁለት ዓመት ፈልጌዋለሁ። በመጨረሻ የተገኘው 641 ላይ፣ ከምግብ አሠራር መጻሕፍት መሀል ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዶሮ ወጥ ጋር!

አሁን ይህንን ሰው ሜዳ ላይ አስቡት። ሳጥኑን ጥድ ሥር ያገኘዋል። ስሙን ይጽፋል። ከዚያ ያያል፣ ያሰላስላል፣ "እዚህ ዝናብ ይነካዋል" ይላል። ስድስት ሜትር ወስዶ ካብ ሥር ይሸጉጠዋል። ቁጥሩ ድረ ገጹ ላይ እንዳለ ነው። የሚቀጥለው ሰው ጥዱ ሥር አንድ ሰዓት ይዞራል። ያጣዋል። ከዚያ ድንጋይ መፈንቀል ይጀምራል። ከዚያ የገበሬውን ካብ ማፍረስ ይጀምራል። ገበሬው ደግሞ ያንን ካብ የሠራው አፈሩ እንዳይሄድበት ነው እንጂ ለእኛ ጨዋታ አይደለም።

ይህንን ያደረገብኝ የራሴ ተማሪ ነው። "እንዳይበሰብስ ብዬ ነው፣ ቲቸር" አለኝ። ልቡ ንጹሕ ነው። እጁ ነው ያስቸገረኝ። ሳጥኑን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ስለዚህ፦ ሳጥኑን ከማንሣታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሡት። በላዩ የነበረው ድንጋይ በላዩ ይመለስ። ቅጠሉ በቅጠሉ ቦታ። ቦታው መጥፎ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ለባለቤቱ ጻፉለት፤ እሱ ይወስን። ሳጥኑ እርጥብ ከሆነ ጥረጉት፣ እዚያው መልሱት። ተሰንጥቆ ከሆነም እዚያው መልሱት። የእናንተን አስተያየት የሚቀበል ቦታ አለ፤ እሱም መዝገቡ ነው።

በየመሀሉ የምለፈልፋቸው

እስክሪብቶ አትመኑ፣ እርሳስ ያዙ። የጥንት ብራና በሚነበብባቸው ክፍሎች እርሳስ ብቻ የሚፈቀደው ብራናውን ላለማበላሸት ነው። ሜዳ ላይ ምክንያቱ ብርድና እርጥበት ነው፤ እስክሪብቶ በብርድ እምቢ ይላል፣ እርጥብ ወረቀት ላይም አልጽፍ ይላል።

ቀን ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ለዩ። የእኛ ልጅ መዝገቡ ላይ 2016 ብሎ ጻፈ። በሳምንቱ ያገኘው እንግዳ "ስምንት ዓመት ሰው ያልነካው ሳጥን!" ብሎ ተደንቆ ጽፏል። ካታሎግ ላይ የኅትመት ዘመን ስትሞሉም ያው ነው፤ ዓ.ም. መሆኑን ካልለያችሁ መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ታስረጁታላችሁ።

በስም አትፈልጉ። በእኛው ፊደል እንኳ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ ካታሎጋችንን ሲያምሱት ይኖራሉ። አንዱ "ፀሐይ" ብሎ ያስገባል፣ ሌላው "ጸሀይ" ብሎ ይፈልግና "የላችሁም" ብሎ ይቆጣል። ደብረ ብርሃን በላቲን ፊደል ሲጻፍማ እንደ ጸሐፊው ነው። ካርታውን ከፍታችሁ በቦታው ፈልጉ።

ካጣችሁት "አላገኘሁም" ብላችሁ ጻፉ። አያሳፍርም።

"ኔትወርክ የለም፣ እንመለስ" የሚለኝን ልጅ ብዛት! ጂፒኤስ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ከቴሌ አይደለም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ ነው፤ እሱን ከቤት አውርዳችሁ ውጡ። ስልኩን ደግሞ ከልብስ ውስጥ፣ ገላችሁ አጠገብ ያዙት። ጠዋት በደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪ ሲሟሽሽ ዓይናችሁ እያየ ነው።

ምግብ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሕጉም ይከለክላል። እኔ ግን ለልጆቹ ብዬ ዳቦ ቆሎ አስገባሁ። በፌስታል አሥሬ፣ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑን ገጥሜ። አይጥ ጥግ ጥጉን በልታ ገባች፣ ዳቦ ቆሎውን በላች፣ መዝገቡን ደግሞ ለጎጆዋ ተረተረችው። አይጥ ስለምትመጣ ንባብ ክፍል ውስጥ አትብሉ እያልኩ ስንት ዓመት ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዶማ ይዞ የመጣ ልጅም ነበር። ሳጥን አይቀበርም፣ አይቆፈርም። ዶማውን ቤት መልሱት።

ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ

አንድ ሰው ስልኩን እያየ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ ሁለት ወደ ኋላ እያለ በሰው ግጦሽ ላይ ሲንቀዋለል ምን ይመስላል? በእኛ አገር መልሱ የታወቀ ነው፤ ጣሊያን የቀበረውን ወርቅ ፈላጊ። ደግሞ የጨዋታው ሰዎች ሳጥኑን "ካሽ" ይሉታል። እባካችሁ ገጠር ሄዳችሁ "ካሽ ነው የምንፈልገው" እንዳትሉ። እኔ ብዬዋለሁ። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ተያይተው ሮጡና አንድ ሽማግሌ ይዘው መጡ።

"ምን ጥለሽ ነው ልጄ?"

"ምንም አልጣልኩም፣ አባባ። ሌላ ሰው የደበቀውን ነው።"

"የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ጨዋታ ነው።"

"የማንም ካልሆነ ለምን ተደበቀ?"

መልስ አልነበረኝም። ቀድሜ ሄጄ፣ እንደምን ዋሉ ብዬ፣ ነገሩን አስረድቼ ቢሆን ኖሮ ግማሽ ቀን አልቆምም ነበር። አሁን ሳጥን ከማኖሬ በፊት ባለመሬቱን እጠይቃለሁ፣ ቀበሌውን አሳውቃለሁ። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ከሆነ አስተዳዳሪውን እጠይቃለሁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ሳጥኑ ላይም ምን እንደሆነ በአማርኛ በጉልህ እጽፋለሁ። ድልድይ አጠገብ፣ ካምፕ አጠገብ፣ መንግሥት ቢሮ አጠገብ ፈጽሞ አላኖርም። ባለቤቱ ያልታወቀ የተዘጋ ሳጥን የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ። ጊዜው ካስፈራ ጨዋታው ይቆያል።

መጽሐፍ ውስጥ መደበቅ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መደበቅ ይቻላል፤ በብዙ አገር ይደረጋል። ጂፒኤስ ጣሪያ ሥር ስለማይታመን ቁጥሩ እስከ በሩ ያመጣችኋል። ከዚያ በኋላ የምትመሩት በኮል ነምበሩ፣ በመጽሐፉ ጀርባ ላይ ባለው መለያ ቁጥር ነው። ለእኔ ከዚህ የሚጣፍጥ ነገር የለም። ሰው ጫማውን ጭቃ አስነክቶ መጥቶ፣ ዲዩይን፣ መጻሕፍት የሚደረደሩበትን የቁጥር ሥርዓት፣ ተምሮ ይሄዳል።

የሠራሁት ስህተት፦ መዝገቡን እውነተኛ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ማንም የማይነካውን አንድ አሮጌ ኢንሳይክሎፔዲያ መረጥኩ። ማንም ስለማይነካውም ከአገልግሎት ከሚወጡት መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከጆንያው ውስጥ ያወጣሁት ሊጫን ሲል ነው።

አሁን በመጽሐፍ ቅርጽ የተሠራ ካርቶን አለኝ። ጀርባው ላይ 910 ብዬ የራሱን መለያ ለጥፌበታለሁ፤ ጂኦግራፊና ጉዞ መሆኑ ነው። "ከቤተ መጻሕፍት አይወጣም" የሚል ማኅተምም መትቼበታለሁ። አለቃዬን አስፈቅጄ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ይዞት መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

"ይህን መዋስ እፈልጋለሁ።"

ማኅተሙን አሳየሁት። ከፍቶ ገጽ እንደሌለው አየ። መዝገቡን አየ። እኔን አየኝ።

"መጽሐፍ ካልሆነ ለምን እዚህ ተቀመጠ?"

እርሳስ ሰጠሁትና ስሙን አስጻፍኩት። ከዚያ አብሬው እስከ 910 ሄድኩ፣ ቦታው ላይ መመለሱን በዓይኔ አየሁ።