ከቡና ገለፈት በባክቴሪያ የሚሠራ በስባሽ ፕላስቲክ፦ ለጅማ ላቦራቶሪዎች

በጅማ ዙሪያ ባሉ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች በየመከሩ እየተከመረ ወንዝ የሚበክለው ገለፈት ብዙ ስኳር ይዟል፤ ይህንኑ ስኳር የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ፒኤችቢ ወደሚባል ፕላስቲክ ይለውጡታል። ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሞይኝ ፒኤችቢን በ1926 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባሲለስ ሜጋቴሪየም በተባለ የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ ሲሆን፣ ለጀማሪ የምመክረውም ይህንኑ ነው። ኩፕሪያቪደስ ኔካተር የተባለው ሌላ ባክቴሪያ የበለጠ ምርት ቢሰጥም፣ የተለመደው ዝርያው ከገለፈቱ ስኳሮች ፍሩክቶስን እንጂ ግሉኮስን አይመገብም።

ገለፈቱ በተፈለፈለበት ዕለት ይጨመቅ፤ ካደረ መፍላት ይጀምርና ስኳሩ ይባክናል። ጭማቂው ለግማሽ ሰዓት ተቀቅሎ ከተጣራ በኋላ ስኳሩ በሊትር 20 ግራም ገደማ እስኪሆን በውኃ ይቀጥናል፤ ይህም ዕድገትን የሚገቱትን ካፌይንና ታኒን ያሳንሳል። ከዚያም ጥቂት የፎስፌትና የማግኒዥየም ጨው ተጨምሮ ፒኤቹ 7 ይደረጋል።

ዋናው ነገር ናይትሮጅን ነው። ባክቴሪያው ስኳር ተትረፍርፎለት ናይትሮጅን ሲያጥረው መባዛቱን ይገታና፣ ገበሬ የተረፈውን እህል ጎተራ እንደሚያስገባ፣ ስኳሩን በፕላስቲክ መልክ በሴሉ ውስጥ ያከማቻል። ስለዚህ አሞኒየም ሰልፌት በሊትር ከ1 ግራም አይብለጥ፤ ዕድገቱን ለማፋጠን ብሎ የሚያበዛው ሰው ብዙ ባክቴሪያና ጥቂት ፕላስቲክ ያገኛል።

ፈሳሹ ኦቶክሌቭ በተባለ በእንፋሎት ግፊት በሚሠራ ማምከኛ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ከጀርም ይጸዳል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የመሣሪያው ግፊት መለኪያ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ሙቀቱ ገና 118 ዲግሪ አካባቢ ነውና በቴርሞሜትሩ እንጂ በግፊቱ መመራት አይገባም። ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ አሥረኛ ያህል ዘር፣ ማለትም ቀድሞ ያደገ የባክቴሪያ ፈሳሽ፣ ተጨምሮ፣ አንድ አምስተኛው ብቻ በተሞላ ፍላስክ፣ በ30 ዲግሪ እየተናጠ ይቆያል። ከ24 ሰዓት ጀምሮ በየጊዜው በሱዳን ብላክ ቀለም ይመርመር፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በሴሉ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ጠብታዎች ሞልተው ከታዩ ለመሰብሰብ ደርሷል። ከዘገየ ባሲለሱ ስፖር (ክፉ ጊዜን የሚያሳልፍበትን ጠንካራ ሕዋስ) ለመሥራት ክምችቱን መልሶ ይበላዋል።

ሴሎቹ በሴንትሪፊዩጅ ተለይተው ከታጠቡ በኋላ በበረኪና ለአንድ ሰዓት ያህል ይሟሟሉ፤ የሚተርፈው ነጭ ዱቄት ፒኤችቢ ነው። በረኪናው በውኃ ፈጽሞ ሳይወገድ አልኮል መጨመር አደገኛ ጋዝና ሙቀት ስለሚፈጥር ክልክል ነው። ደርቆ በሞቀ ክሎሮፎርም የሟሟው ዱቄት በመስታወት ሳህን ላይ ሲፈስ ስስ ፊልም ይሆናል፤ ይህም የጭስ መሳቢያ ባለበት ብቻ ይሠራ።

ፒኤችቢ በ175 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ ብዙም ሳያልፍ ስለሚበላሽ ሲቀርጹት ጥንቃቄ ይሻል። ሲቆይም ይሰባበራልና ለገበያ ከረጢት አይሆንም። ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚስማማው የቡና ችግኝ ማፍያ ነው፤ ችግኙ ሲተከል ፕላስቲኩን ቀድዶ መጣል ቀርቶ አብሮ ይቀበራል። ይሁን እንጂ ችግኙ ለተከላ ሳይደርስ ማፍያው እንዳይበሰብስ፣ ውፍረታቸው የተለያየ ቁራጮችን መዝኖ በችግኝ ጣቢያው አፈር ውስጥ መቅበርና በየወሩ እያወጡ፣ አጥበውና አድርቀው እንደገና መመዘን ያስፈልጋል።