ወረፋ ሥራ አይቀንስም፦ ሜሴጅ ኪዩ ስናስገባ የሠራናቸው ስህተቶች

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ላይ አልጋ ማግኘት ጭንቅ ነው። እኛም የአልጋ ማስያዣ ሲስተም እንሠራ ነበር። ሦስት ቲም ነን፦ አንዱ ማስያዣውን፣ አንዱ ክፍያውን፣ አንዱ ለእንግዳው የሚላከውን ኤስኤምኤስ ይዟል። ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ልጅ "ካፍካ እናስገባ" አለ። ካፍካ የሜሴጅ ኪዩ ሶፍትዌር ነው፦ አንዱ ፕሮግራም መልእክት ወረፋ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሌላው ፕሮግራም (ተቀባዩ) በተራው አንስቶ ይሠራዋል። ሁላችንም ተስማማን። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ችግሩን ሳያውቁ መጀመር። ሲስተማችን የዘገየው ዳታቤዙ ላይ አንድ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥን ማውጫ) ስለጎደለ ነበር። ኪዩ ይሄን አይፈታም። ለምሳሌ በሴኮንድ 15 መልእክት እየገባ ተቀባዩ 10 ብቻ ከጨረሰ፣ በአንድ ሰዓት 18,000 ይከመራል። ወረፋው ከደንበኛው ዓይን ተሰወረ እንጂ አላጠረም።

መልእክት አንዴ ብቻ ይደርሳል ብሎ ማመን። ይሄኛው አሳፍሮናል። ተቀባዩ ኤስኤምኤሱን ልኮ "ጨርሻለሁ" ብሎ ሳያስመዘግብ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ያንኑ መልእክት እንደ አዲስ አነሳው። መብራቱ ደግሞ ያን ቀን መጣ ሄደ ሲል ነው የዋለው። አንዲት እናት ደወሉ፦ "የኔ ልጅ፣ አራት ጊዜ ተይዞልዎታል ይለኛል። እኔ እኮ ብቻዬን ነኝ!"

ለእያንዳንዱ መልእክት መለያ ቁጥር ስጡት። ተቀባዩ ከመሥራቱ በፊት "ይሄን ሠርቼዋለሁ ወይ?" ብሎ ይይ። ልኮ ሳይመዘግብ ከወደቀ ግን አሁንም ይደገማል። ኤስኤምኤስ ከሆነ ይሳቅበታል፤ ገንዘብ ከሆነ አያስቅም። ስለዚህ የሂሳብ ለውጡና የመለያ ቁጥሩ ምዝገባ በአንድ ትራንዛክሽን ይግቡ፤ ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

በስም መምረጥ። ራቢትኤምኪው የሚባለው ሌላ የኪዩ ሶፍትዌር በተለመደው አሠራሩ ተቀባዩ ተቀብያለሁ ሲል መልእክቱን ያጠፋል። ካፍካ ግን ካልቀየራችሁት ለ7 ቀን ያስቀምጠዋል፣ ወደኋላ ተመልሶ ማንበብም ይቻላል። የእኛ ሥራ በቀን ጥቂት መቶ ማስያዣ ነው። ለዚህ ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ቴብል (ሠንጠረዥ) ይበቃ ነበር፤ ከቨርዥን 9.5 ጀምሮ ያለው "ስኪፕ ሎክድ" (ሌላው የያዘውን ዝለል የሚል ትእዛዝ) ሁለት ተቀባዮች አንዱን መልእክት እንዳይሻሙበት ያደርጋል።

ባለቤት አለመመደብ። የማስያዣው ቲም መልእክቱ ውስጥ ስልክ ቁጥሩ የሚገባበትን ፊልድ (ቦታ) ስም ቀየረ። ለእኛ ለኤስኤምኤሶቹ አልነገረንም። ተቀባያችን የመጀመሪያውን መልእክት ማንበብ አቃተው፣ ወደቀ፣ ተነሳ፣ እዚያው መልእክት ላይ ደግሞ ወደቀ። ከኋላው ያለው ሁሉ ቆመ። አንዱ ፕሮግራም ሌላውን በቀጥታ የሚጠራ ቢሆን ስህተቱ ወዲያው ይጮህ ነበር፤ ኪዩ ግን ዝም ይላል። ያወቅነው በሁለተኛው ቀን ነው፣ ያውም ከሆቴሉ ተደውሎ። የመልእክቱን ቅርጽ ማን እንደሚወስን ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተበላሸ መልእክት ተለይቶ የሚቀመጥበት ቦታ አብጁ። ክምሩ ሲያድግ የሚጮህ አላርምም አይቅር።

ሌላው፣ ደንበኛው ቆሞ መልስ የሚጠብቅበትን ነገር ኪዩ ውስጥ አትክተቱ። "ክፍል አለ?" ለሚል ሰው "ተራህን ጠብቅ" አይባልም።

አሁን ማስያዣውና ክፍያው በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ ኪዩ የቀረው ለኤስኤምኤስ ብቻ ነው፣ እሱም ፖስትግሬስ ላይ። ካፍካ ያለው ልጅ ማኪያቶ ባዘዘ ቁጥር "አራት ይሁንልህ?" እንለዋለን።