«የወር መርፌዬ ይበቃኛል» ብሎ ጥርስ ለማስነቀል የሚመጣ የልብ ታካሚ

ጅማ ላይ ጥርስ ስነቅል ዓመታት ተቆጥረዋል። ይህን ችግር ግን ዛሬም በየጊዜው አየዋለሁ።

ምልክቱ፦ ታካሚው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥርስ ሲነቀል ባክቴሪያ በደም ወደ ልብ ቫልቭ እንዳይደርስ ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት አለ። «የመከላከያ መድኃኒት ወስደዋል?» ስለው «የወር መርፌዬን አቋርጬ አላውቅም» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት ከአጋሮ አንዲት ወጣት መጣች። ካርዷን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላዋለች። የልብ ቫልቭ ተቀይሮላታል፣ የደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪንም ትወስዳለች። መርፌውን ከተወጋች 9 ቀኗ ነው። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሁሌ ፔኒሲሊን ላይ ነኝ፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?» አለችኝ። የመጣችበትን መንገድ ሳስበው አንጀቴን በላችው። ጉጠቱን ግን መልሼ አስቀመጥኩት። «እህቴ፣ የመርፌው ሥራ ሌላ ነው» አልኳት።

ምክንያቱ፦ የወር መርፌው፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ የጉሮሮ ባክቴሪያ የልብ ቫልቭ የሚጎዳውን ሕመም፣ ሩማቲክ ፊቨርን፣ መልሶ እንዳይቀሰቅስ የሚሰጥ ነው። ደም ውስጥ የሚቆየው መጠን ትንሽ ነው። ጥርስ ሲነቀል ከድድ ወደ ደም የሚገባውን ባክቴሪያ ለመከላከል አይበቃም። ይባስ ብሎ፣ ፔኒሲሊን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው አፍ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ሊለምደው ይችላል። ያ ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ከተቀመጠ ሕይወት ያጠፋል።

መፍትሄው፦ ቫልቩ ተቀይሮለት ወርሃዊ መርፌ ለማይወስድ ሰው 2 ግራም አሞክሳሲሊን ይሰጣል፤ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 4 ፍሬ በአንዴ። ወርሃዊ መርፌ ለሚወስድ ግን አሞክሳሲሊንም ያው የፔኒሲሊን ዘር ስለሆነ የመድኃኒቱ ዘር መቀየር አለበት። ለአዋቂ አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም፣ አንዴ ብቻ፣ ከመነቀሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ልጅቷን ለሚከታተላት የልብ ሐኪም ደወልኩ፣ ተስማማን፣ ፊቴ ዋጠች። ሰዓት ይዘን ጠበቅን። ከዚያ ነቀልኩላት።

ዋርፋሪን በራስዎ እንዳያቆሙ! ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ይህን ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚሰጥ መከላከያ ጡንቻ ላይ በመርፌ አይወጋም።

መድኃኒቱ ተረስቶ ጥርሱ ከተነቀለ፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ይወሰድ።

ቫልቩ ያልተቀየረ የሩማቲክ ታካሚ ከሆኑ የልብ ሐኪምዎ ይወስን፤ መመሪያዎቹ አንድ አይደሉም።

ልቡ ጤነኛ ሆኖ ከጎረቤት ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ለምኖ ውጦ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል። አያስፈልገውም። ሳይጠይቁ በፍሬ ቆጥረው የሚሸጡለትም ያው ናቸው።

ቫልቩ የተቀየረለት ሰው ጥርሱ ከተነቀለ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከመጣበት፣ ከመድኃኒት ቤት ምንም ሳይገዛ ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ። አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ደሙ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ለሚፈለግበት ምርመራ፣ መወሰድ አለበት። ጥርስ መነቀሉንም እዚያ ይናገር።