የባዮዌርን ጌሞች ስትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ አርፒጂ (የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዘው የሚጫወቱት ጌም) የሚወዱ ወጣቶች ከተቀመጡ የባዮዌር ስም መነሣቱ አይቀርም፤ ከተነሣም ጠረጴዛው ለሁለት ይከፈላል። ለአንዱ ወገን በታሪክ አተራረክ አቻ የለውም፤ ለሌላው ዘመኑ አልፎበታል። እኔ በ1995 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በካናዳ ኤድመንተን የተመሠረተውን ይህን ስቱዲዮ ከልቤ እወደዋለሁ፤ አንዳንድ ሥራዎቹ ግን ያናድዱኛል። ጀማሪዎች በእነዚህ ስህተቶች ምክንያት ምርጡን ሳያዩት ሲተዉት ያሳዝነኛል።

በአንድ ጌም መፍረድ። በ2019 በወጣው “አንተም” (Anthem) በተባለው ጌም የጀመረ ሰው ተስፋ ቢቆርጥ አልፈርድበትም። ይህ በኢንተርኔት ተገናኝተው ይጫወቱት የነበረ የተኩስ ጌም ነው፤ ስቱዲዮው ስም ያተረፈው በሌላ ነው። ባልደርስ ጌት 3ንም ለባዮዌር አትስጡ፤ በ2023 ያወጣው የቤልጂየሙ ላሪያን ነው።

በ1998ቱ ባልደርስ ጌት እንደ ጀግና መግባት። ብዙ ሰው የሚሸሸው እዚህ ላይ ነው። ገና በጅምሩ ፍሬንድሊ አርም የተባለ ማደሪያ ትደርሳላችሁ፤ መግቢያው ላይ አንድ አስማተኛ ማንነታችሁን ጠይቆ ሊገድላችሁ ይነሣል። እናንተም አስማተኛ ሆናችሁ ከጀመራችሁ ያላችሁ የሕይወት ነጥብ እጅግ ጥቂት ነው፤ አንድ ምት ይበቃችኋል። የስፔስ ቁልፍን ስትጫኑ ጌሙ ባለበት ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ ባልደረባ ትእዛዝ ሰጥታችሁ ትለቁታላችሁ። ቀስተኞቹ ከሩቅ ይውጉት፤ ድግምቱን ሳይጨርስ ከተመታ ይከሽፍበታል። የጥሩር ቁጥርም የሚሻለው ሲያንስ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ጥሩውን ጥሩር የሚሸጡ አሉ። ከውጊያ በፊት ደግሞ ሴቭ አድርጉ። ጌሙ በራሱ የሚያስቀምጠው ከሥፍራ ወደ ሥፍራ ስትሻገሩ ነው፤ በመካከሉ መብራት ከጠፋ ድካማችሁ ሁሉ ገደል ገባ።

ሂንተርላንድስ ውስጥ መቅረት። የ2014ቱ ድራገን ኤጅ ኢንኩዊዚሽን ትልቁ ጥፋት ይህ ሰፊ አገር ነው። ዕፅዋት ልቀሙ፣ ስባሪ ሰብስቡ እያለ ያደክማል። ጥቂት ተልዕኮ ፈጽማችሁ ውጡ፤ መመለስ ይቻላል። ታሪኩ ነፍስ የሚዘራው ሄቨን የተባለው የመጀመሪያ ሰፈራችሁ ከተጠቃ በኋላ ነው።

ባልደረቦችን ችላ ማለት። ለእኔ የባዮዌር ልብ እዚህ ነው። በ2010ሩ ማስ ኢፌክት 2 የእያንዳንዱን ባልደረባ የግል ጉዳይ ካልፈጸማችሁለት በመጨረሻው ዘመቻ ሊሞት ይችላል። ለሥራው የማይመጥን ሰው መመደብም ያስገድላል፦ በአየር ማስተላለፊያው ቱቦ የምትልኩት የቴክኒክ አዋቂ ካልሆነ አይተርፍም። የጠፈር መርከባችሁ ሠራተኞች ከተጠለፉ በኋላም በሌላ ተልዕኮ አትዘግዩ፤ በዘገያችሁ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል። ሦስቱን የማስ ኢፌክት ጌሞች አንድ ላይ የያዘው የ2021ዱ ዕትም ይሻላል፤ 120 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ስለሚጠይቅ ግን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ድራገን ኤጅ 2ን መዝለል። በ2011 በጥድፊያ የወጣ ነው፤ ያንኑ ዋሻ እየደጋገመ ያስገባችኋል፤ ጠላትም ከየት መጣ ሳይባል በማዕበል ይወርዳል። ይህን ሁሉ ይዤም እወደዋለሁ። የሚተርከው ከጦርነት ሸሽቶ ከርክዎል ከተማ ስለገባ ቤተሰብ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ባልደረቦቻችሁ ሲለወጡ ታያላችሁ። በፊት የመጀመሪያውን፣ የ2009ኙን ድራገን ኤጅ ኦሪጂንስ ተጫወቱ፤ ሁለተኛው ውሳኔዎቻችሁን ስለሚያነብ የኦሪጂንስን የሴቭ ፋይል አትደምስሱ።