ፓስወርዱ ልክ ነው፣ ሰርቨሩ ግን አያስገባም፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኞ ጠዋት ነው። ቡናዬን ገና አልጨረስኩም፣ ስልኬ ጮኸ። «ወንድሜ፣ ሰርቨሩ አላስገባ አለኝ።» ምን ይላል? «ፐርሚሽን ዲናይድ። ፓስወርዴ ግን ልክ ነው፤ ላፕቶፔን አሁን የከፈትኩት በሱ ነው።»

እንዲህ ያለ ስልክ ለዓመታት ስቀበል ኖሬያለሁ። ሰርቨሮቹ ሊኑክስ ናቸው፤ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ በተመሰጠረ መስመር ነው የሚገባባቸው። የሰዎቹ ስምና ፓስወርድ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የማይክሮሶፍት የተጠቃሚዎች ማውጫ) ወይም ሌላ በኤልዳፕ ቋንቋ የሚጠየቅ ማውጫ ላይ። በመሀል ኤስኤስኤስዲ የሚባለው አገልግሎት እየተመላለሰ ያገናኛቸዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ጥፋቱን ማግኘት ከማስተካከሉ ይከብዳል። ከተገኘ ብዙ ጊዜ የአንድ መስመር ሥራ ነው። ቀኑ የሚያልቀው ያልተበላሸውን በመጠገን ነው። ራሴ የሠራኋቸውንና ሌሎች ሲሠሯቸው ያየኋቸውን ስህተቶች እነሆ።

«ፐርሚሽን ዲናይድ»ን ማመን

ይህ «አልተፈቀደም» የሚል መልእክት ሆን ተብሎ ለሁሉም አንድ ነው። ስሙ ባይኖርም፣ ፓስወርዱ ቢሳሳትም፣ አካውንቱ ቢቆለፍም ያው ቃል ነው የሚመጣው። በር ላይ የቆመ ሌባ ምንም እንዳይማር ነው። እውነቱ የተጻፈው ሰርቨሩ ላይ ባለው መዝገብ፣ ሎጉ ላይ ነው። ኡቡንቱ ወይም ከ12 በፊት ያለ ዴቢያን ከሆነ «ኦዝ ሎግ» የሚባለውን ፋይል፣ የሬድ ሃት ቤተሰብ ከሆነ «ሴክዩር» የሚባለውን ክፈቱ።

እዚያ «ኢንቫሊድ ዩዘር» ካለ ሰርቨሩ ሰውየውን ጭራሽ አያውቀውም። ያለዚህ ቃል «ፌልድ ፓስወርድ» ብሎ ስሙን ከጻፈ ያውቀዋል፣ ማረጋገጡ ግን አልተሳካም። «አክሰስ ዲናይድ» ብሎ ፓም (መግቢያውን የሚፈትሸው የሊኑክስ ክፍል) አካውንትን ከጠቀሰ ደግሞ ፓስወርዱ ልክ ነበር፤ መግባት ያልተፈቀደለት ነው።

የመሥሪያ ቤት በር ላይ ያለ ጥበቃም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ማን ነህ? መታወቂያህን አሳየኝ። እሺ፣ ግን ዛሬ እንድትገባ ማን ፈቀደልህ? ሦስቱን ጥያቄዎች ሊኑክስ ላይ የሚመልሷቸው የተለያዩ ክፍሎች ናቸው። የትኛው ላይ እንደተያዘ ሳናውቅ ስንነካካ ነው ነገር የሚበላሸው።

ስሙን ሳያጣሩ ፓስወርድ ማስቀየር

በጣም የተለመደው ይኼ ነው። ሰውየው ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ይቀይራል፣ ሰርቨሩ ግን እንዲህ የሚባል ሰው መኖሩንም አልሰማም። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ «አይዲ» የሚለውን ትእዛዝ ከስሙ ጋር ስጡ። ቁጥሩንና ቡድኖቹን ካልዘረዘረ ፓስወርዱን ተዉት።

ከዚያ የሚታዩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ኤስኤስኤስዲ ተነሥቷል? የራሱ የማስተካከያ ፋይል ለማንም የሚነበብ ሆኖ ከተተወ አልነሣም ይላል፤ ባለቤቱ ሩት (የሰርቨሩ የበላይ አካውንት)፣ ፈቃዱ 600 (ከባለቤቱ በቀር ማንም የማያነበው) ሲሆን ሰላም ነው። ስሞች ከየት እንደሚፈለጉ በሚናገረው «ኤንኤስስዊች» ፋይል ውስጥ የፓስወርድ መስመሩ ላይ ኤስኤስኤስ የሚለው ቃል አለ? ስሙስ ከነዶሜይኑ (ከመሥሪያ ቤቱ የኔትወርክ ስም ጋር) ነው የሚጻፈው ወይስ ያለ ዶሜይን? አንዳንዱ ሰርቨር ላይ ከስሙ ቀጥሎ አት ምልክትና ዶሜይኑ ካልተጨመረ አይታወቅም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሁሉንም ተጠቃሚ ዝርዝር ጠይቃችሁ የማውጫው ሰዎች ባይታዩ አትደንግጡ። ኤስኤስኤስዲ ካልታዘዘ በቀር ሁሉንም አይዘረዝርም። በስም አንድ በአንድ ጠይቁት።

ሰዓትን መናቅ

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ፓስወርድ የሚያረጋግጠው በአብዛኛው ኬርበሮስ በሚባል የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት ነው። ኬርበሮስ ደግሞ ሰዓት ላይ ጥብቅ ነው፤ ካልተቀየረ በቀር የሚታገሰው የ5 ደቂቃ ልዩነት ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ፓስወርዱ ልክ ቢሆንም አይሠራም። ኤስኤስኤስዲ ሎጉ ላይ «ክሎክ ስኪው» (ሰዓት ተዛብቷል) ብሎ ይጽፋል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ሰርቨር ሰዓቱ ጠፍቶት ተነሣ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቶ ነበር። ትጉህ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ የእጅ ሰዓቱን አየና አስተካከለው፦ 3:00። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር፤ አልዋሸም። ኮምፒውተሩ ግን በእኛ አቆጣጠር አይሄድም፤ 3:00 ለሱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ቀኑና ደቂቃው ልክ ስለነበር ማናችንም ሰዓቱን አልጠረጠርንም። እስከ ምሳ ድረስ ፓም፣ ፋየርዎል፣ ሰርተፍኬት ስንበረብር ዋልን።

የጊዜ ክልሉ ቢሳሳት ኬርበሮስ ግድ የለውም፤ እሱ የሚያየው ዓለም አቀፉን ሰዓት ነው። በእጅ የተሞላ ሰዓት ነው አደጋው። ሰዓት የሚያስተካክለውን «ክሮኒ»ን አስነሡና ሰዓቱን ከዶሜይን ኮንትሮለሩ (አክቲቭ ዳይሬክተሪን ከያዘው ሰርቨር) ይውሰድ። በእጅ አትሙሉ።

ዲኤንኤስን ወደ ውጭ ማዞር

ኢንተርኔት ሲንቀረፈፍ አንድ ሰው ይመጣና ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) 8.8.8.8፣ የጉግሉን ያደርገዋል። ኢንተርኔቱ ይፈጥናል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሰርቨሩ ግን የዶሜይን ኮንትሮለሮቹን የሚያገኘው ከውስጥ ዲኤንኤስ በሚነበቡ መዝገቦች ነው፤ ጉግል እነሱን አያውቃቸውም። ካሽ ውስጥ ያለው፣ ማለትም ቀድሞ ጠይቆ ያስቀመጠው፣ ለጊዜው ይሸፍነውና ችግሩ ብቅ የሚለው ቆይቶ ነው። ያን ጊዜ ማን ምን እንደነካ የሚያስታውስ አይኖርም።

ሰርተፍኬቱን ዝም ማሰኘት

ማረጋገጫው በኬርበሮስ ሳይሆን በቀጥታ በኤልዳፕ ከሆነ፣ ኤስኤስኤስዲ ፓስወርድ ባልተመሰጠረ መስመር አይልክም። ስለዚህ ወይ በፖርት 389 ተጀምሮ ምስጠራው ይከፈታል፣ ወይ ከመጀመሪያው በ636 ይኬዳል። ሁለቱም ማውጫው እውነተኛው መሆኑን የሚያስመሰክር ሰርተፍኬት ይፈልጋሉ። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ፣ ፈራሚው የማይታወቅ ከሆነ፣ ወይም ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው ስም ሆኖ ሳለ እናንተ የአይፒ ቁጥር ጽፋችሁ ከሆነ ይቋረጣል።

በዚህን ጊዜ የሚመጣው ምክር «ማጣራቱን ኔቨር (በጭራሽ) አድርገው» ነው። ይሠራል። ግን ምን እንደሠራችሁ ልንገራችሁ፦ መሀል ገብቶ «ማውጫው እኔ ነኝ» ያለ ሁሉ የመሥሪያ ቤቱን ፓስወርድ ይሰበስባል። ለአምስት ደቂቃ ለሙከራ ከሆነ ይሁን። ግን ለአምስት ደቂቃ ተብሎ አምስት ዓመት የቆየ አይቻለሁ። የፈራሚውን ሰርተፍኬት ሰርቨሩ ላይ ማስገባት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

49ን እንደ አንድ ስህተት ማንበብ

ኤልዳፕ «49» ካለ «የተሳሳተ ማንነት» ማለት ነው፤ ሰው ደግሞ «ፓስወርዱ ተሳስቷል» ብሎ ይተረጉመዋል። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ግን ከጎኑ ሌላ ኮድ ያስቀምጣል፣ ጨዋታው ያለው እሱ ጋ ነው። 52ኢ ከሆነ እውነትም ፓስወርዱ ነው። 525 ስሙ አልተገኘም። 532 ፓስወርዱ ጊዜው አልፏል። 533 አካውንቱ ተዘግቷል። 701 የአካውንቱ ጊዜ አብቅቷል። 773 መጀመሪያ ፓስወርዱን መቀየር አለበት። 775 ተቆልፏል።

775 ላይ ትንሽ እንቆይ። ሰውየው ፓስወርዱን ቀይሮ የስልኩ ኢሜይል ግን አሮጌውን ይዞ ከሆነ፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ እየሞከረ ያስቆልፈዋል። እናንተ ስትከፍቱ እሱ ይቆልፋል። አንዳንዴ ቆላፊው ራሱ ችግር ፈቺው ነው፤ «እስቲ እንደገና» እያለ አሥር ጊዜ ይሞክራል። ሁለት ጊዜ ሞክሩና ወደ ሎጉ ተመለሱ።

ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ከተዘጋበት ደግሞ ግለሰቦቹን ተዉ። ሰርቨሩ ማውጫውን የሚጠይቅበት የራሱ አካውንት ፓስወርድ አልፎበት ይሆናል።

በባዶ ፓስወርድ «ተሳካ» ማለት

ይህ ግማሽ ቀኔን በልቶታል። የሙከራ ስክሪፕት ጻፍኩ፣ ፓስወርዱ የሚቀመጥበት ቦታ በስህተት ባዶ ቀረ፣ ማውጫው «ሰክሰስ» አለኝ። ኤልዳፕ ላይ ስም ሰጥቶ ፓስወርዱን ባዶ መተው እንደ ማንነት አልባ መግቢያ ነው የሚታየው፤ አክቲቭ ዳይሬክተሪም ካልተከለከለ ይቀበለዋል። ማንንም አላረጋገጠም። ሙከራችሁ ዋጋ የሚኖረው የተሳሳተ ፓስወርድ ሰጥታችሁ እምቢ ማለቱንም ስታዩ ነው።

«እኔን ያስገባኛል» ማለት

አድሚኑን ያስገባዋል፣ ምክንያቱም በኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ማለትም በፓስወርድ ፋንታ በሚያገለግል ፋይል ነው የሚገባው። ቁልፍ ያለው ሰው ፓስወርድ አይጠየቅም። ከሩት ሆኖ ወደ ሌላ ሰው መዞርም ፈተና አይደለም፤ ሩትን ማንም ፓስወርድ አይጠይቀውም።

ሌላም ጉድ አለው። ሥራ የለቀቀ ሰው አካውንቱ ማውጫው ላይ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ግን ሰርቨሩ ላይ ከቀረ፣ ሦስተኛው የጥበቃው ጥያቄ፣ «ማን ፈቀደልህ?» የሚለው፣ በደንብ ካልተዋቀረ እስካሁን ይገባ ይሆናል። ዛሬውኑ እዩት።

ካሹን ደርሶ ማጥፋት

ኤስኤስኤስዲ ያየውን ለ5400 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይይዛል። ማውጫው ላይ ያስተካከላችሁት ወዲያው ባይታይ አይግረማችሁ፤ ካሹን እንዲያድስ የሚያዝ የራሱ ትእዛዝ አለው። ፋይሎቹን በእጅ መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማውጫው በወደቀበት ሰዓት ከሰረዛችሁ፣ በተቀመጠ ፓስወርድ ይገቡ የነበሩትንም ውጭ ታስቀራላችሁ።

አንዷን መስኮት ዘግቶ ፓምን መንካት

ፓምን ወይም የኤስኤስኤች ማስተካከያን ከመንካታችሁ በፊት ሌላ የሩት መስኮት ክፍት ይሁን። ማውጫ የማያስፈልገው አንድ የሰርቨሩ የራሱ አካውንትም ይኑር። ዋናውን ፋይል አስተካክላችሁ ለውጡ ካልታየ ደግሞ፣ ከጎኑ ያለው አቃፊ ውስጥ ፓስወርድን የሚከለክል ሌላ ፋይል ቀድሞ ተነቦ ይሆናል፤ ኤስኤስኤች መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚይዘው።

የሰኞውን ሰውዬ ረሳሁት። ሎጉን ከፈትኩ። «ኢንቫሊድ ዩዘር» የለም፣ «ፌልድ ፓስወርድ» የለም። ስሙ ጭራሽ የለም። «እስቲ የምትገባበትን አድራሻ ላክልኝ» አልኩት። ላከ። ባለፈው ወር ሥራ ያስቆምነውን አሮጌ ሰርቨር ነበር ሲያንኳኳ ያረፈደው። መሰኪያውን ግን ማንም አልነቀለውም ነበር።